ሾፌሬ በኪስ ሥራው ሰው ገጨ፤ ካሳውን እኔ ነኝ የምከፍለው?

አከፋፋዩ
ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

ቃሊቲ አካባቢ የታሸገ ውሃና ለስላሳ አከፋፍላለሁ። አንድ አይሱዙ አለኝ። ሾፌርና ረዳት ቀጥሬ ነው የማሠራው። ባለፈው ወር ሾፌሩ ገላን ዕቃ አራግፎ ሲመለስ መጋዘን መግባት ነበረበት። አልገባም። ቃሊቲን አልፎ ሳሪስ ሄደ። ለካ የአንድ ሰው ሶፋና አልጋ ሊጭን ተስማምቶ ኖሯል። የኪስ ሥራ መሆኑ ነው። መንደር ውስጥ ወደ ኋላ ሲነዳ መንገድ ዳር ቡና የምትሸጥ ሴት ገጨ። እግሯ ክፉኛ ተሰብሯል። ነፍሷ ተርፏል፣ ተመስገን።

ሾፌሩ ታስሮ በዋስ ወጥቷል። አሁን ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። «መኪናውም ያንተ፣ ሾፌሩም ያንተ፤ አንተው ካሰን» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሲቀጠር ያስፈረምኩት ወረቀት አለ። «ከድርጅቱ ሥራ ውጪ መኪናውን ማንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ ለሚደርሰው ጉዳት ሾፌሩ ብቻ ይጠየቃል» ይላል። ምስክሮችም ፈርመውበታል። ታዲያ ባላጠፋሁት እንዴት ነው እኔ የምከፍለው?

ባለ ሱቅ መርካቶ
ወንድሜ፣ እንዳትከፍል! ያጠፋው እሱ፣ ገንዘቡን ወደ ኪሱ ሊከት የነበረው እሱ። አንተ ምን አገባህ? ወረቀቱን አውጣና አሳያቸው። ሽማግሌ ሲመጣ ፈርተህ አንዴ እጅህን ከዘረጋህ አያቆምም። ደግሞ ሴትየዋስ መንገድ ላይ ምን ትሠራለች? የተቀመጠችው የእግረኛ መንገድ ላይ ነው።

መሪ ጨባጭ
@ባለ ሱቅ መርካቶ እግረኛ መንገድ ላይ ከተቀመጠች መኪናው እዚያ ምን ሊሠራ ወጣ? ወደ ኋላ ሲነዳ ረዳቱ ወርዶ ማየት ነበረበት። እኔ ሾፌር ነኝ፣ የሙያ ጓደኛዬንም አልሸፍንም፣ ጥፋት ነው። ግን ሾፌር ለምን የኪስ ሥራ እንደሚሠራም አስቡት። በዚህ ኑሮ የአንድ ወር ደሞዝ ቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ ምን ይተርፋል?

ጠበቃ ከልደታ
አከፋፋዩ፣ ጉዳይዎን በጥንቃቄ አነበብኩት። ሰው የሚያምታታው ነገር ስላለ ከሥሩ ልጀምር።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው ነው፤ ዛሬም እየሠራ ነው። ከውል ውጪ ለሚደርስ ጉዳት ተጎጂው ሊገባባቸው የሚችሉ የተለያዩ በሮች አሉት። አንዱ በር ሾፌሩ ራሱ ነው፤ አጥፍቷል፣ ይጠየቃል። ሁለተኛው አሠሪው ነው። አንቀጽ 2130 ሠራተኛ ሥራውን ሲያከናውን ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ ነው ይላል። አሠሪው ድርጅት ከሆነ አንቀጽ 2129 ተመሳሳይ ነገር ይላል። ሦስተኛው በር የመኪናው ባለቤትነት ነው፣ አንቀጽ 2081።

እርስዎ እየተከራከሩ ያሉት ሁለተኛው በር ላይ ቆመው ነው። «ሥራዬን እየሠራ አልነበረም» ነው የሚሉት። ክርክሩ ዋጋ የለውም አልልም። የሰው ሶፋ መጫን የውሃ ማከፋፈል ሥራ አይደለም። ግን እሱም ቀላል አይሆንልዎትም። አንቀጽ 2132 ጉዳቱ ሠራተኛው ዘወትር በሚሠራበት ቦታ ወይም ሰዓት ከደረሰ በሥራው ላይ እንደደረሰ ይገመታል ይላል። ግምቱን ማፍረስ የእርስዎ ሸክም ነው። አደጋው የደረሰው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ከገላን ሲመለስ ነው።

ይህንን ቢያሸንፉ እንኳ ሦስተኛው በር ክፍት ነው። በ2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም ኃላፊ ነው። ባለቤቱ የሚያመልጠው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ሾፌርዎ ቁልፉን የተቀበለው ከእጅዎ ነው። መንገድ ሳተ እንጂ አልሰረቀም።

ስለዚህ «አላጠፋሁም» የሚለው እዚህ አያድንም። ሕጉ ያጠፉት ነገር እንዳለ አይጠይቅም። የመኪናው ባለቤት መሆንዎ ይበቃዋል።

አከፋፋዩ
እና ወረቀቱ? ፊርማውስ? ለምን አስፈረምኩት ታዲያ?

ጠበቃ ከልደታ
ወረቀቱ በእርስዎና በሾፌሩ መካከል ነው። ቡና ሻጯ አልፈረመችበትም። የሁለት ሰዎች ውል የሦስተኛ ሰው መብት አይወስድም። ጥቅሙ ኋላ ይመጣል፤ ከፍለው ሾፌሩን ሲጠይቁ፣ ወይም በዲሲፕሊን ሲያሰናብቱ ማስረጃ ይሆንዎታል። በአሠሪነት በር ቢሆንም ክልከላ ብቻውን አያድንም። «እንዳያደርግ ከልክዬው ነበር» የሚል አሠሪ መከልከሉን ተጎጂው ያውቅ ወይም ማወቅ ይገባው እንደነበር ማሳየት አለበት። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት የእርስዎን የቅጥር ውል ከየት ታውቃለች?

ብሪክስተን
ከለንደን ነኝ። ሕግ ተምሬያለሁ፣ የምሠራው ግን ሌላ ነው። የወረቀቱ ነገር አንድ የቆየ የእንግሊዝ ክስ አስታወሰኝ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1862 የተወሰነ ነው። ያኔ የለንደን አውቶቡስ በፈረስ ነበር የሚጎተተው። ኩባንያዎቹ ተሳፋሪ ይሻሙ ነበር፣ ልክ እንደ መገናኛ ሚኒባስ። አንዱ ሾፌር የተፎካካሪውን አውቶቡስ ለመዝጋት መንገድ ላይ ገባበትና ገለበጠው። ኩባንያው ፍርድ ቤት ይዞት የቀረበው ያንተን ዓይነት ወረቀት ነው። «ከሌላ አውቶቡስ ጋር አትሽቀዳደሙ፣ መንገድ አትዝጉ» የሚል መመሪያ ለሾፌሮቹ በሙሉ ሰጥቶ ነበር። ኩባንያው ተሸነፈ። ሾፌሩ የሠራው የተከለከለ ነገር ቢሆንም የኩባንያውን ሥራ በመጥፎ መንገድ እየሠራ ነበር ተባለ። ሊምፐስ ይሉታል በከሳሹ ስም።

ግን እዚህ አገር አንድ ልዩነት አለ። እንግሊዝ ውስጥ የመኪና ባለቤት በመሆን ብቻ አትጠየቅም። ሾፌሩ ሠራተኛህ ወይም ወኪልህ መሆን አለበት፣ የአንተን ጉዳይ እየፈጸመም መሆን አለበት። የሶፋው ጉዳይ እዚህ ቢሆን «ለራሱ ሽርሽር ወጥቶ ነው» ተብሎ ሰፊ ክርክር ይነሳበት ነበር። የእኛ ሕግ ለተጎጂ የበለጠ ያዘነ ነው።

ባለ ሱቅ መርካቶ
ለተጎጂ አዘነ፣ ለነጋዴ ግን ጨከነ። ታክስ ክፈል፣ ደሞዝ ክፈል፣ ጎማ ግዛ፣ አሁን ደግሞ ሾፌር ለሠራው ክፈል! ፈረንጅ የጻፈው ሕግ ከዚህ የተሻለ ምን ይጠበቃል።

ብሪክስተን
ረቂቁን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነው፣ ልክ ነህ። ግን እኛም ብንሆን ድሮ አሽከሩ ጥፋት ሲሠራ ወደ ጌታው ቤት ነበር የምንሄደው። ሽማግሌዎቹ አከፋፋዩ ቤት የመጡት አንቀጽ አንብበው አይመስለኝም።

የቡና ሻጭ ልጅ
ስሜን ለዚህ ክር ብዬ ነው የቀየርኩት። እናቴም መንገድ ዳር ቡና ትሸጥ ነበር፣ እሷንም የድርጅት መኪና ገጭቷታል። ድርጅቱን ስንጠይቅ «ሾፌሩን ክሰሱ፣ እኛ አናውቅም» አሉን። ሾፌሩ ምንም የለው። እኛ ደግሞ የወንጀሉ ክስ ይለቅና እንከሳለን ብለን ቁጭ አልን። ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነ። አንድ የሕግ ተማሪ ጎረቤታችን «ጊዜው ሊያልፍባችሁ ነው» ብሎ ባያስደነግጠን ኖሮ አልቆልን ነበር። @ባለ ሱቅ መርካቶ አንተ የጎማ ዋጋ ታወራለህ። እናቴ ዛሬም በክራንች ነው የምትሄደው። ጀበናውን የማነሳው እኔ ነኝ።

ጠበቃ ከልደታ
እህቴ፣ ጎረቤትሽ ትልቅ ውለታ ነው የዋለላችሁ። አንቀጽ 2143 ካሳ የሚጠየቅበትን ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት አድርጎታል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው የጊዜ ገደብ፣ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረዥሙን መጠቀም ይቻላል። ቢሆንም እሱን ተማምኖ መቀመጥ አይበጅም። የወንጀሉ ክስ እስኪያልቅ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ቢባል እንኳ የካሳው ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም፤ 2149 ይህንኑ ይላል። በወንጀል «ከጥርጣሬ በላይ አልተረጋገጠም» ማለት ሌላ ነው፣ እግር መሰበሩ ሌላ።

ስለ ተጎጂዋ ጥፋት የተነሳውም መልስ ይፈልጋል። 2086 ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት ከደረሰ ኃላፊነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል ይላል። ሰውየው መሀል አስፋልት ላይ ድንገት ከሮጠ ክርክር አለ። ወደ ኋላ የሚመጣ አይሱዙ ከጀርባዋ የደረሰባት ሴት ላይ ግን ይህን ይዤ ፍርድ ቤት አልቆምም።

አከፋፋዩ
እሺ፣ ልክፈል እንበል። ስንት? ቤተሰቦቹ የጠሩት ብር አይሱዙውን ያሸጣል። ሴትየዋ ደረሰኝ የላት፣ ግብር አትከፍል። ገቢዋ ስንት እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ጠበቃ ከልደታ
መጀመሪያ መድን። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፣ አዋጅ 799/2005። ተለጣፊው መኪናው ላይ እንዳለ እገምታለሁ። መድን ድርጅቱን አሳውቀዋል? ካላሳወቁ ዛሬ ያሳውቁ። የፖሊስ ማስረጃና የሐኪም ማስረጃ ይያዙ። መድኑ ጣሪያ አለው፣ ሁሉንም አይሸፍንም። የተረፈው ግን እርስዎ ላይ ይመጣል።

ልኩ የደረሰው ጉዳት ነው። የሕክምና ወጪ፣ ያጣችው ገቢ፣ ወደፊት የምታጣው። ገቢዋን በደረሰኝ ማስረዳት ባትችል በሯ አይዘጋም። ልኩ በትክክል ካልታወቀ ፍርድ ቤቱ በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ልክ ይቆርጣል፣ አንቀጽ 2102። ጎረቤት ይመሰክራል፣ በቀን ስንት ጀበና እንደምታወጣ ይጠየቃል። የሕሊና ጉዳት ካሳ የሚባለው ግን ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 የተጻፈ ቁጥር ነው። ዛሬ ለሁለት ሰው ክትፎ አይበቃም፤ እኔን ሁልጊዜ ያሳፍረኛል።

የሕንፃ አስተዳዳሪ
ክሩን ላስቀይስባችሁና ይቅርታ፣ ግን ተመሳሳይ ነገር ነው። የማስተዳድረው ሕንፃ ላይ ያለ የጥበቃ ሠራተኛ አንድ እንግዳ በዱላ መትቶ ክንዱን ሰብሮበታል። መታወቂያ አሳይ፣ አላሳይም፣ በዚያ ተጀመረ። ጥበቃው የእኛ ቅጥር አይደለም፣ በኤጀንሲ የመጣ ነው። ሰውየው ግን የሚከሰው ሕንፃውን ነው። እዚህ ላይ መኪና የለም፣ 2081 አይመጣም። ማን ይከፍላል?

ጠበቃ ከልደታ
እዚህ ላይ ነው የአሠሪነት በር ብቻውን የሚቆመው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። መታወቂያ ማየት ሥራው ነው። ሥራውን እየሠራ ከልክ አለፈ። «ምታ አላልነውም» የሚለው አያስኬድም። በር ላይ ቆሞ የቆየ የግል ጠበኛውን አይቶ ቢመታው ኖሮ ሌላ ነው፤ ሥራው አጋጣሚ ብቻ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ያኔም የሥራ ቦታና የሥራ ሰዓት ስለሆነ አስረጂው አሠሪው ነው።

አሠሪው ማን ነው የሚለው ግን ወረቀት ማየት ይፈልጋል። ማን ይቀጥራል፣ ማን ደሞዝ ይከፍላል፣ ማን ያዘዋል፣ ማን ያባርራል? አንቀጽ 2134 በእርስዎ ሥልጣን ሥር ሳይሆን ነፃነቱን ጠብቆ ለሚሠራ ሰው ጥፋት አይጠየቁም ይላል። ኤጀንሲው ራሱን የቻለ ድርጅት ስለሆነ ይህን ያነሳሉ። ተቃዋሚው ደግሞ «ማንን ማስገባት ማንን መከልከል እንዳለበት በየቀኑ የሚነግረው የሕንፃው አስተዳዳሪ ነው» ይላል። እኔ የከሳሽ ጠበቃ ብሆን ሁለቱንም እከሳለሁ። እርስበርሳቸው ይገፋፉ።

የሕንፃ አስተዳዳሪ
ሺፍት የማወጣው እኔ ነኝ። ዱላውን የገዛነውም እኛ ነን።

ጠበቃ ከልደታ
እንግዲያው ከኤጀንሲው ጋር ያላችሁን ውል አውጡና «ለሦስተኛ ወገን ጉዳት» የሚለውን አንቀጽ ቶሎ አንብቡት።

መሪ ጨባጭ
ወደ እኛ ጉዳይ እንመለስ። ጠበቃው፣ አሠሪው ከፍሎ ሲያበቃ ሾፌሩ ላይ ይመለሳል ብለሃል። እኔ የማውቀው ልጅ ባምፐር ስለፈነዳ ብቻ የወር ደሞዙን ሙሉ ተይዞበታል። ልጆቹ ምን በሉ? ይህ ይቻላል?

ጠበቃ ከልደታ
አይቻልም። ከፋዩ አጥፊውን መልሶ መጠየቅ ይችላል፤ መንገዱ ግን ክስ ወይም ስምምነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪ ደሞዝ የሚቆርጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው ይላል። ያኔም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ሙሉ ደሞዝ የተያዘበት ልጅ ሥራ ክርክር ችሎት ሄዶ ማስመለስ ይችላል።

በተግባር ግን እንነጋገር ከተባለ፣ ከሾፌር ላይ ትልቅ ካሳ ያስመለሰ አሠሪ ብዙ አላየሁም። ስለዚህ የባለቤቱ እውነተኛ መከላከያ ቅጥር ላይ የሚያስፈርመው ወረቀት አይደለም። ጥሩ መድን፣ ጂፒኤስ፣ ማታ ቁልፍ መረከብ፣ መስመር የሳተውን ሾፌር በዚያው ቀን መጠየቅ ነው። ሕጉ ኃላፊነቱን ባለቤቱ ላይ የጣለው ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችለው እሱ ስለሆነ ይመስለኛል። ቡና ሻጯ ሾፌሩን አልመረጠችም፣ መስመሩንም አላወጣችም።

መሪ ጨባጭ
ጂፒኤስ ይሁን፣ እንስማማ። ግን ደሞዝም ይጨመርበት 😀

ባለ ሱቅ መርካቶ
እኔ አሁንም ሆዴ አልተቀበለውም። ሕጉ ይህ ከሆነ ግን መኪናዬን ለወንድሜ ልጅ ማዋሴን አቆማለሁ።

አከፋፋዩ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መድን ድርጅቱ ሄጄ ፎርም ሞላሁ። ትናንት ከሽማግሌዎቹ ጋር ሴትየዋ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ መሄድ ያለብኝ እዚያ ነበር ብለው ተቆጡኝ። የሕክምናውን ወጪ እኔ እየሸፈንኩ ለቀሪው እንነጋገራለን ተባባልን። የታላቅ ወንድሟ ጥያቄ «መኪና ሽጥ፣ ብር ቁጠር» ነው፣ እሷ ግን ቆማ መሥራት እስክትችል የቡና መሸጫ ቦታዋን ኪራይ ነው የምትለው። እናንተ ብትሆኑ ስምምነቱን እንዴት ትጽፉታላችሁ?

ጠበቃ ከልደታ
በጽሑፍ፣ በምስክር፣ ከመድን ድርጅቱ ጋር ተነጋግረው። ሳይነግሯቸው ጥፋት አምነው ገንዘብ ከተስማሙ «እኛ አላወቅንም» ሊሉዎት ይችላሉ። የትኛው ገንዘብ ለሕክምና፣ የትኛው ለገቢ እንደሆነ ይለይ። እግሯ ገና ስላልዳነ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ማን እንደሚሸፍን ካሁኑ ይጻፍ። ክሱ የሚቀረው በምን ላይ እንደሆነም በግልጽ ይቀመጥ። ቤተሰቡ ሊያስነብበው የሚችል የራሱ ሰው ቢኖረው ለእርስዎም ይሻላል። የምትፈርመው ያልገባትን ወረቀት ከሆነ ነገ «ተታለልኩ» ትላለች፣ ዳኛውም ይሰማታል።

የቡና ሻጭ ልጅ
@አከፋፋዩ የሐኪም ቀጠሮዋ ቀን መኪና ላክላት። ብሩ ሳይሆን እኛን ያማረረን በክራንች ታክሲ መጋፋት ነበር።

አከፋፋዩ
እሺ እህቴ። አይሱዙው አሁንም ትራፊክ ፖሊስ ግቢ ነው፣ በራሴ መኪና አደርሳታለሁ።

አዲስ ገቢ
ከላይ ያለውን ሁሉ አነበብኩ። የእኔ ጥያቄ አጭር ነው። ጥፋቱን ያደረሰው የወረዳ ደንብ አስከባሪ ከሆነስ? የአክስቴን የሽንኩርት ጋሪ ገልብጦ እጇን አቁስሏታል።

ጠበቃ ከልደታ
ለመንግሥት ሠራተኛ ሌላ አንቀጽ አለው፣ 2126 እና 2127። ሰውየው በሥልጣኑ ልክና ለመንግሥት ጥቅም እየሠራሁ ነው ብሎ በቅን ልቦና አምኖ ያጠፋው ከሆነ የሥራ ጥፋት ይባላል። ያኔ አክስትዎ ከሠራተኛው በተጨማሪ መንግሥትን መጠየቅ ትችላለች፣ መንግሥት ደግሞ ሠራተኛውን መልሶ ይጠይቃል። የግል ጥፋት ከሆነ፣ ለምሳሌ ጉቦ ከልክላው በቂም ያደረገው ከሆነ፣ የሚጠየቀው ራሱ ብቻ ነው። ቅን ልቦና ደግሞ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ይገመታል። የሐኪም ማስረጃ አውጥታለች? የጋሪውን ፎቶ ያነሳ ሰው ነበር? ሁለቱን ይዘው ይምጡና አዲስ ክር ይክፈቱ፣ እዚያ እንጻጻፍ።